«ኮር አይ ሰቨን ነው» ሲሉህ የአባቱን ስም ጠይቅ

ጥያቄው የመጣው ከሐዋሳ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦ «ተማሪ ነኝ፣ 70 ሺህ ብር አጠራቅሜያለሁ። አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ጌሚንግ ኮምፒውተር ጠይቄ ኮር አይ ሰቨን፣ 32 ጂቢ ራም፣ 4 ጂቢ ግራፊክስ፣ ኬዙ መስታወት ሆኖ መብራት ያለው በ68 ሺህ እሰጥሃለሁ አለኝ። የምጫወተው ኤፍሲ፣ ጂቲኤ ፋይቭና ቫሎራንት ነው። 1080 ሞኒተር አለኝ። ሜሪላንድ ያለው አጎቴ ለፋሲካ ሲመጣ አንድ ዕቃ አመጣልሃለሁ ብሎኛል። ልግዛው ወይስ ራሴ ልገጣጥም?»

ወንድሜ፣ አትግዛው። 70 ሺህ ብር ለተማሪ ቀላል ገንዘብ አይደለም፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ከጥያቄህ ጋር የላክኸውን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ፕሮሰሰሩ አይ ሰቨን 2600 ይላል። ግራፊክስ ካርዱ ጂቲ 730 ነው። ነገሩ እዚያ ጋ አለቀ።

«ኮር አይ ሰቨን» ስም ብቻ ነው። አበበ እንደማለት። መርካቶ መሃል ቆመህ «አበበ!» ብለህ ብትጣራ ስንቱ ይዞራል? የትኛው አበበ እንደሆነ የሚታወቀው በአባቱ ስም ነው። የፕሮሰሰር የአባት ስም ደግሞ ከኋላው ያለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ባለ አራት አሃዝ ከሆነ የመጀመሪያው ትውልዱን ይነግርሃል፤ 2600 ሁለተኛ ትውልድ፣ 8500 ስምንተኛ ትውልድ። ባለ አምስት አሃዝ ከሆነ የፊተኞቹን ሁለት ታነባለህ፤ 12100 አስራ ሁለተኛ ትውልድ ነው። ያንተው 2600 የወጣው በ2011 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው)። 4 ኮር አለው፣ ይህኛው ኮር ስሙ ሳይሆን ውስጡ ያሉት ሥራ የሚሠሩ ክፍሎች ናቸው። በ2022 የወጣው ኮር አይ ስሪ 12100 ራሱ 4 ኮር ነው ያለው፣ ግን ኮር ለኮር ብታወዳድራቸው የአዲሱ ፍጥነት ወደ እጥፍ ይጠጋል። አይ ሰቨን ከአይ ስሪ የሚበልጠው በአንድ ትውልድ ውስጥ ሲሆን ነው። ሱቅ ውስጥ ግን ትውልዱን ማንም አያነሳልህም፣ አንተ ካልጠየቅህ።

ሌላም ነገር አለ። አሁን የሚወጡ አንዳንድ ጌሞች ኤቪኤክስ 2 የሚባል ነገር ፕሮሰሰሩ ውስጥ ይፈልጋሉ። ሁለተኛ ትውልድ ላይ የለም። ጌሙ መንቀራፈፉ ቀርቶ ጭራሹኑ አይከፈትም። በዚያ ላይ ዊንዶውስ 10 ከማይክሮሶፍት የሚያገኘው መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። «በሌላ መንገድ ይጫናል» ይሉሃል፣ እውነት ነው፣ ይጫናል። ቫሎራንት ግን ዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉትን፣ እንዲህ ባለ አሮጌ ማሽን ላይ አሟልተህ የማታገኛቸውን የደህንነት ነገሮች ካላገኘ አያስገባህም። አንተ ደግሞ ቫሎራንት እጫወታለሁ ብለሃል።

ወደ ካርዱ እንምጣ። «4 ጂቢ ግራፊክስ» የሚለው አባባል ስንቱን ልጅ እንዳሳዘነ ስለማውቅ ይቆጨኛል። 4 ጂቢ የጓዳው ስፋት ነው። ወጡን የሚሠራው ሌላ ነው። ጂቲ 730 በ2014 የወጣ፣ ሲወጣም ለቢሮና ለፊልም የታሰበ ካርድ ነው። ጓዳውን አራት እጥፍ ብታሰፋው ወጥ ሠሪው ያው አንድ ነው። ጂቲኤ ፋይቭን ሁሉን ነገር ዝቅ አድርገህ ትከፍተዋለህ፣ የምትፈልገውን ዓይነት ጨዋታ ግን አታገኝም። 32 ጂቢ ራሙም ዲዲአር 3 የሚባለው የድሮው ዓይነት ነው። ብዛቱ ዓይን ይይዛል፣ ነገ ግን አዲስ ማዘርቦርድ ላይ አይገባልህም። መብራቱና መስታወቱ ደግሞ አንድ ፍሬም (በሰከንድ የሚታይ ምስል) አይጨምሩም።

ታዲያ ምን ይሻላል? አዲስ በአዲስ ልገጣጥም ካልክ 70 ሺህ አይበቃህም። እኔ ብሆን ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቼ ደህና ካርድ እሰካበት ነበር። ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ስምንተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ፣ ለምሳሌ 8500። እሱ 6 ኮር አለው፣ ዊንዶውስ 11ም በይፋ ይቀበለዋል። የምትፈልጋቸው ሦስቱም ጌሞች ከዚህ ፕሮሰሰር ጋር ችግር የለባቸውም።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ። እነዚህ ኮምፒውተሮች በሦስት መጠን ነው የሚመጡት። ትልቁ ቁመቱ ሙሉ የሆነው ታወሩ ነው፣ አንተ የምትፈልገው እሱን ነው። መካከለኛው ቀጭን ስለሆነ ቁመቱ ግማሽ የሆነ ካርድ ብቻ ነው የሚቀበለው። ትንሿ መጽሐፍ የምታክለው ደግሞ ካርድ የሚሰካበት ቦታ የላትም፣ ራሟም የላፕቶፕ ነው። ሦስቱም ላይ ያው ስምና ያው ቁጥር ሊጻፍባቸው ስለሚችል በስልክ ተነጋግረህ ብር እንዳትልክ። ፎቶ ከፊትም ከኋላም ይላኩልህ፣ ከተቻለም ኬዙ ተከፍቶ።

የታወሩ ፓወር ሰፕላይ ወደ 250 ዋት ነው። ትንሽ ነው ብለህ አትደንግጥ፤ ሐቀኛ 250 ዋት ነው። ካርድ ላይ የሚሰካ ኬብል ግን ብዙውን ጊዜ የለውም። ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት ሶኬትም ብዙዎቹ ላይ ከተለመደው የተለየ ነው፣ ስለዚህ ከሱቅ ሌላ ገዝተህ ልቀይር ብትል አይገጥምልህም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የካርድ ስሎት ራሱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ስለዚህ የምትፈልገው በዚያ ብቻ የሚሠራ ካርድ ነው።

አጎትህ የሚጠቅምህ እዚህ ላይ ነው። ካርዱን እሱ ያምጣልህ። ኬዝ ወይም ፓወር ሰፕላይ እንዳታስመጣው። ከአሜሪካ የሚመጡ አንዳንድ ፓወር ሰፕላዮች ከኋላ ቀይ መቀየሪያ አላቸው፣ 115 ላይ ሆኖ እኛ አገር 220 ላይ የተሰካ ወዲያው ይፈነዳል። ካርድ ግን ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከኮምፒውተሩ ስለሆነ አገር አይለይም፣ የእጅ ሻንጣ ውስጥም ይገባል። የምታስመጣው አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጂቢውን ነው። ስትጽፍለት «3050» ብለህ ብቻ አትላክ። ባለ 8 ጂቢው ሌላ ካርድ ነው፣ 130 ዋት ይበላል፣ ኬብልም ይፈልጋል። ባለ 6 ጂቢው 70 ዋት ነው። ከባለ 6 ጂቢዎቹም ውስጥ አንዳንዶቹ ኬብል የሚሰካባቸው ስለሆኑ «ኬብል የማይፈልገውን፣ አጭሩን» ብለህ ጻፍለት።

አጎትህ ካልተመቸው እዚሁ ያገለገለ፣ ኬብል የማይፈልግ ጂቲኤክስ 1650 ፈልግ። ከ3050 ይደክማል፣ ጂቲኤ ፋይቭንና ኤፍሲን ግን 1080 ላይ ከ60 ፍሬም በላይ ያጫውትሃል፣ ሞኒተርህም ከዚያ በላይ የሚያሳይ አይመስለኝም። 1050 ቲአይም አብዛኛው በስሎቱ ብቻ ይሠራል፣ ግን አሁን ላይ አልመክርህም፤ ኢንቪዲያ ቁጥራቸው በ10 ለሚጀምር ካርዶቹ (1050፣ 1060 ለመሳሰሉት) የጌም ድራይቨር ማውጣት በ2025 አቁሟል። አርኤክስ 6400ም በዋት ይስማማሃል፣ ነገር ግን በአራት መስመር ብቻ ስለሚገናኝ እንዲህ ዓይነት የቆየ ማዘርቦርድ ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል።

ያገለገለ ካርድ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ነው። በሴፕቴምበር 2022 ኢቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መቆፈር (ማይኒንግ) ሲቀር ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች በብዛት ገበያ ላይ ወጡ። የቆፈረ ካርድ ሁሉ የሞተ አይደለም። ብዙ ጊዜ ፋኑ ነው የሚደክመው፣ ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት፣ ተርማል ፔስቱም ይደርቃል፣ ሁለቱም ይቀየራሉ። የከፋው ፎርጅዱ ነው። የድሮ ካርድ ውስጡ ተነካክቶ 1050 ቲአይ ነኝ ብሎ ራሱን ያስተዋውቃል፣ ዊንዶውስም ያምነዋል። ጂፒዩ ዚ የምትባል ነፃ ፕሮግራም አለች፣ ፍላሽ ላይ ይዘህ ሂድ፣ ፎርጅዱን ካወቀችው ፊት ለፊት ትጽፍልሃለች። አንዳንዱ ካርድ ደግሞ ፎርጅድ አይደለም፣ ግን ከነአባቱም አይበቃም፣ ከነአያቱ ነው የሚጠራው። አርኤክስ 580 ተብሎ የሚሸጥ አለ፣ ከጎኑ 2048 ኤስፒ (የካርዱ ትንንሽ ማስሊያ ክፍሎች ብዛት ነው) የሚል ካለበት ትክክለኛው 580 አይደለም፤ ትክክለኛው 2304 ነው ያለው፣ ባለ 2048ቱ ለቻይና ገበያ የወጣና በአቅሙ 570 የሚባለው ነው። 1060ም ባለ 3 ጂቢውና ባለ 6 ጂቢው በጂቢ ብቻ አይደለም የሚለያዩት፣ ውስጣቸውም ይለያያል።

ከመክፈልህ በፊት ካርዱ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ፈርማርክ የሚባለውን ካርድ የሚያስጨንቅ መፈተኛ ፕሮግራም ቢያንስ 15 ደቂቃ አስነሳበት። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም መስመር ከመጣ፣ ጥቁር ሆኖ ከተመለሰ፣ ሙቀቱ 85 አልፎ ከቀጠለ፣ አመስግነህ ውጣ። ሻጩ «አሁን መብራት የለም» ካለ መብራት ሲኖር ትመለሳለህ።

ራም፦ የቢሮ ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ አንድ 8 ጂቢ ይዞ ነው የሚመጣው። ተመሳሳዩን ሌላ 8 ጨምርበት። ሁለት 8 ከአንድ 16 ይሻላል፣ ፕሮሰሰሩ በሁለቱም በኩል በአንዴ ስለሚያነብ። ከ2025 መጨረሻ ወዲህ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ በጣም ስለወጣ 32 ፍለጋ አትሂድ፣ ለነዚህ ጌሞች 16 በቂ ነው። ፋይሉ የሚቀመጥበት ኤስኤስዲ 512 ጂቢ ይሁንልህ። ጂቲኤም ኤፍሲም እያንዳንዳቸው ወደ 100 ጂቢ ይወስዳሉ፣ 256 ላይ ከዊንዶውሱ ጋር ይጨናነቁብሃል። በሚገርም ርካሽ ዋጋ «2 ቴራ» የሚሉህን አትንካ። ውስጡ ትንሽ ሚሞሪ ካርድ የተለጠፈበት አግኝቻለሁ፣ ባለቤቱ የሦስት ዓመት ፎቶ አጥቷል።

የፓወር ሰፕላይን ነገር ደግሞ ወደፊት ራስህ ስትገጣጥም እንዲጠቅምህ ልንገርህ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለአንድ ደንበኛ 600 ዋት የሚል ገዛሁ። ቀላል ነበር፣ በእጅ ስታነሳው ራሱ። በሦስተኛው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጠለ፣ ማዘርቦርዱንም ይዞት ሄደ። ኃላፊነቱ የኔ ስለነበር ከኪሴ ተካሁለት። ከዚያ ወዲህ ካርቶኑን አላነብም፣ ጎኑ ላይ ያለውን ስቲከር ነው የማነበው። 12 ቮልት የሚለው ስር ስንት አምፔር እንዳለ እይና በ12 አባዛው። ያ የኔው 16 አምፔር ይላል፤ 192 ዋት ማለት ነው። ካርዱና ፕሮሰሰሩ የሚበሉት ከዚያ መስመር ስለሆነ 600 የሚለው ለጌም ምንም አይሠራልህም።

ሐዋሳ የመብራቱን ነገር አንተ ታውቀዋለህ። ትንሽም ቢሆን ዩፒኤስ ግዛ፣ ከመስታወት ኬዝ ይልቅ ገንዘቡ እዚያ ቢሄድ እመርጣለሁ። 650 ቪኤ የሚለው 650 ዋት አይደለም፣ ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው፣ ላንተ ግን ይበቃል፤ ሥራው ጨዋታውን ሴቭ አድርገህ በሥርዓት እስክታጠፋ ማቆየት ነው። እስክትገዛ ድረስ መብራት ሲሄድ ከሶኬቱ ንቀለው፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ። ጉዳቱ የሚመጣው በአብዛኛው ሲመለስ ነው።

ነገ ገንዘብ ስታገኝ ከዚህ ውስጥ የሚጣል ብዙ የለም። ካርዱ፣ ዲዲአር 4 ራሙና ኤስኤስዲው ወደ አዲሱ ይሸጋገራሉ። ያኔ ቢ 450 ወይም ቢ 550 ማዘርቦርድ ላይ ራይዘን 5 5600 የሚባለውን ፕሮሰሰር ታደርጋለህ። ቢ 450 ከሆነ ባዮሱ (ማዘርቦርዱን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ለ5600 የታደሰ መሆኑን ሱቁ ፊትህ አብርቶ ያሳይህ፣ ካልታደሰ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። 5600 የራሱ ግራፊክስ የለውም፣ ካርድ ሳይሰካ ምንም አያሳይም፣ ይህን ሳያውቁ «ተበላሽቷል» ብለው ያመጡልኝ ልጆች አሉ።

ስትሰካው ደግሞ የሞኒተሩን ኤችዲኤምአይ ከካርዱ ላይ እንጂ ከላይ ካለው ከማዘርቦርዱ ላይ እንዳታገባው። አዲስ ካርድ ገዝተው ወር ሙሉ በድሮው ሲጫወቱ የቆዩ አጋጥመውኛል።

ታወሩን ስታገኝ ከመክፈልህ በፊት ሦስት ፎቶ ላክልኝ፦ ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚለውን ገጽ፣ የፓወር ሰፕላዩን ስቲከርና ኬዙ ተከፍቶ የካርዱን ስሎት። አይቼ በዚያው ቀን እነግርሃለሁ።