ኅዳር ላይ አታችመንት (የሆስፒታል ልምምድ) ለምትወጣው እህቴ፦ ስለ ሄፓታይተስ ቢ ክትባት

ሰላም እህቴ። «ኅዳር ላይ አታችመንት እንወጣለን። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ካርድ የሌለው ዋርድ አይገባም ተባልን። እናቴ በልጅነትሽ ተከትበሻል ትላለች፣ ካርዱ ግን የለም። ሁለት ወር ይበቃኛል?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ ጎንደር ተምሬ እዚሁ ነርስ ሆኜ የምሠራ ነኝና ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ሄፓታይተስ ቢ እንደምታውቂው በደም የሚተላለፍ፣ ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው።

ሁለት ወር ለሙሉው አይበቃም። ለሁለት ዶዝ ግን ይበቃል። ክትባቱ ሦስት ጊዜ ነው የሚሰጠው፦ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ ከዚያ ከመጀመሪያው በ6ኛው ወር። መስከረም 15 ከጀመርሽ ሁለተኛው ጥቅምት 15፣ ሦስተኛው መጋቢት 15 ይሆናል። መቻኮል ቢያስፈልግ እንኳ ሦስተኛው ከመጀመሪያው 16 ሳምንት ሳይሞላ አይሰጥም። ስለዚህ ሁለት ዶዝ የተመዘገበበትና የሦስተኛው ቀጠሮ የተጻፈበትን ካርድ ይዘሽ፣ ምደባው ሳይወጣ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ አናግሪ። ጀምሮ በቀጠሮ ላይ ያለን ተማሪና ምንም ያልጀመረን እኩል አያዩም።

የእናትሽን ነገር በተመለከተ፣ እናትሽ አልዋሹም። ግን ሄፓታይተስ ቢን የያዘው አምስቱ በአንድ የሚባለው የሕፃናት ክትባት አገራችን የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። አንቺ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ከሆንሽ ከዚያ በፊት ሳትወለጂ አትቀሪም። ክንድሽ ላይ ያለው ጠባሳ የቲቢ ክትባት ነው፣ ለዚህ አይሆንም። ከ1999 በኋላ ብትወለጂም ካርድ ከሌለ እንዳልተከተብሽ ቆጥረሽ ጀምሪ። ተደርቦ ቢሰጥሽ ጉዳት የለውም።

ከመከተብሽ በፊት ቫይረሱ እንዳለብሽና እንደሌለብሽ ደምሽን ተመርመሪ። ፖዘቲቭ ከሆንሽ ክትባቱ አይጠቅምሽም። ይህ ማለት ግን ትምህርትሽ ቀረ ማለት አይደለም፤ ሐኪም ጋ ክትትል መጀመር ነው። የጉበት ሐኪም ሳያይሽ የወፍ በሽታ መድኃኒት ነው እየተባለ የሚሰጥ ቅጠል እንዳትጠጪ። ቤተሰብም ሳህን እንዳይለይብሽ ንገሪያቸው። ከአንድ ትሪ አብሮ በመብላት አይተላለፍም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። እኔ ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያውን የወሰድኩት ታኅሣሥ 10 ነበር። ሁለተኛው ቀጠሮ ጥር 10 ላይ ወደቀ፣ የከተራ ዕለት። ከተማው በእንግዳ ተጥለቅልቆ፣ እኛም ታቦት አጅበን ወደ ፋሲል መዋኛ ስንወርድ፣ ክትባቱን ማን ያስታውሰዋል? ከዚያ ነገ ዛሬ ስል የካቲት ገባ።

አንድ ሌሊት የቀዶ ሕክምና ዋርድ ውስጥ ኪድኒ ዲሽ (የሕክምና ዕቃ ማስቀመጫ ሳህን) ላነሳ እጄን ሰደድኩ። ከጎዝ (የቁስል ጨርቅ) ስር ሰው የተወው መርፌ ነበር። ጓንቱ ውስጥ፣ አመልካች ጣቴ ጫፍ ላይ፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል ደም አየሁ። ክው አልኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ መደበቅ ነበር፤ መምህሩ ይቆጣኛል ብዬ። የተረኛዋ ሲስተር ፊቴን አይታ «ምን ሆንሽ ልጄ?» ባትለኝ ዝም እል ነበር። በውኃና በሳሙና አሳጠበችኝ፣ በታካሚው ፈቃድ ደሙ ተመረመረ። ኤችአይቪ የለበትም፣ ሄፓታይተስ ቢ ግን አለበት።

በ24 ሰዓት ውስጥ ከክትባቱ ጋር ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባለው፣ ቫይረሱን የሚከላከል የተዘጋጀ አንቲቦዲ ያለበት መርፌም ቢገኝ ጥሩ ነበር። እዚያ ግን አልተገኘም። ሁለተኛዬን ዶዝ በማግስቱ ጠዋት ወሰድኩ። «ዘግይቻለሁና ከመጀመሪያው ልጀምር?» ስላት ሲስተሯ «አይ፣ ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ» አለችኝ። አንቺም ቀጠሮ ቢያመልጥሽ ይህን አትርሺ። ከዚያ በኋላ ለስድስት ወር በየማለዳው መስታወት ፊት ቆሜ የዓይኔን ነጭ አያለሁ፣ ቢጫ ሆኖ ይሆን እያልኩ። የመጨረሻው ውጤት ኔጋቲቭ ሲሆን ላብራቶሪው በር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አንቺ በዚህ እንድታልፊ አልፈልግም።

ስለዚህ «ሳትወጊ ካርድ የሚያስሞላልሽ ሰው አለ» የሚልሽ ካለ፣ እባክሽ አትስሚው። ካልተከተበ ሰው መቶው ቫይረሱ ባለበት ሰው መርፌ ቢወጋ፣ ከ6 እስከ 30ው ሊያዝ ይችላል። በኤችአይቪ ከሺህ ሦስት ያህሉ ናቸው። ልዩነቱን አስቢው።

መርፌ ከወጋሽ እጠቢ እንጂ አትጭመቂው። ያኔውኑ ለተረኛው ንገሪ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ነው የሚሻለው፤ ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም፣ የሚወሰደውም 28 ቀን ነው። ለሄፓታይተስ ሲ ደግሞ ክትባት የለም። መርፌ መልሰሽ አትክደኚ፣ በቀጥታ ቢጫው ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ።

ሦስተኛውን ከጨረስሽ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ መከላከያው መያዙን በደም ምርመራ አረጋግጪ። በውጤቱ ላይ የመከላከያው መጠን 10 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ሠርቷል። ጥቂት ሰው ላይ አይዝም፣ እነሱ ይደገምላቸዋል። የቴታነስና የኩፍኝ ካርድ ካለሽም አብረሽ ያዢ። ለቲቢ ለእኛ ዕድሜ የሚረዳው ማስክና የተከፈተ መስኮት ነው።

ጤና ጣቢያ ከመሄድሽ በፊት ክትባቱ መኖሩን ደውለሽ ጠይቂ። እኛ 9 ሆነን ከትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ አጽፈን ነው የሄድነው፣ ቶሎ አስተናገዱን። የክላስ ተወካያችሁን አነጋግሪ። ካርዱ በተጻፈ ቁጥር በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ ማህተሙ መታየቱንም እዪ። ሌላ የምትጠይቂኝ ካለ ጻፊልኝ፣ ማታ ዲውቲ ካልሆንኩ እመልስልሻለሁ።