መልስ፦ ለ22 ሰው ስንት ፒዛ ይበቃል?

15 አዋቂዎችና 7 ልጆች ለሚገኙበት የልደት ግብዣ ስንት ፒዛ ልዘዝ ብለው ለጠየቁት፦ እኔ የምቆጥረው በፒዛ ሳይሆን በቁራጭ ነው። ለአዋቂ 3፣ ለልጅ 2 ቁራጭ ይያዙ። 45 እና 14 ሲደመሩ 59 ይሆናል። ትልቅ ፒዛ አብዛኛውን ጊዜ 8 ቦታ ስለሚቆረጥ 8 ፒዛ ይበቃዎታል፤ 5 ቁራጭም ይተርፋል።

ከማዘዝዎ በፊት ግን የፒዛውን መጠን በሴንቲ ሜትር ይጠይቁ። ብዙ ሰው የሚሞኘው እዚህ ላይ ነው። ከዳር እስከ ዳር 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ፒዛ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆኑ ሁለት ፒዛዎች ይበልጣል። ሁለቱም ዓይነት 8 ቦታ ሊቆረጡ ስለሚችሉ በቁጥሩ ብቻ አይታለሉ፤ የትንሹ 3 ቁራጭ የራበው ጎልማሳ አያጠግብም።

ሥጋ የሌለበትን ደግሞ አሳንሰው አይዘዙ። እኔ አንድ ጊዜ ሥጋ ለማይበሉ 4 እንግዶች አንድ ፒዛ ብቻ አዘዝኩ። ሥጋ በሎቹ «እስቲ ልቅመሰው» እያሉ ሲያነሱ፣ የታዘዘላቸው ሰዎች ባዶ ሳህን ይዘው ባዶ ካርቶን ላይ ደረሱ። መግቢያ አጣሁ! ከ8ቱ 3ቱን ያለ ሥጋ ያድርጉ፤ ሥጋ የማይበሉትም ቀድመው ያንሱ። ከፒዛው ጋር የሚቀርብ ሌላ ምግብ ካለ 6 ይበቃል።