ሌክቸረር ከማስተማር ሌላ ምን ይሠራል? ባህር ዳር ለሚጀምር አዲስ መምህር

ወንድሜ፣ «ማስተርስ ጨርሼ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ በሌክቸረርነት ልጀምር ነው፤ ደብዳቤው ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ይላል፤ በተግባር ሥራው ምንድን ነው?» ብለህ ጠይቀሃል። እንኳን ደስ አለህ። «ክፍል ገብቶ መውጣት ነው» የሚሉህን አትስማ። አዲስ መምህር ላይ ቅሬታ የሚበዛው ከሌክቸሩ ሳይሆን ከማርክ ሊስቱ፣ ማለትም ከውጤት መዝገቡ ነው፤ ስለዚህ እኔም እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፍልሃለሁ።

መጀመሪያ ሎድ፣ ማለትም በሳምንት የሚቆጠርልህ የማስተማር ሰዓት። ሦስቱ ተግባራት በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ላይ ያሉ ናቸው፤ ዝርዝሩን የምታገኘው ግን የዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ላይ ነው። ከዲፓርትመንትህ ጠይቀህ ቢያንስ የሎዱን፣ የፈተናውንና የውጤቱን ክፍል አንብብ። የተለመደው ሙሉ ሎድ በሳምንት 12 ሰዓት ነው። የሌክቸር ሰዓት እንዳለ ይቆጠራል፤ የላብና የቲቶሪያል ሰዓት ግን እንደ ሁለት ሦስተኛ ነው የሚያዘው። 3 ሰዓት ላብ ውስጥ ቆመህ ብትውል ሎድህ ላይ የሚጻፈው 2 ነው ማለት ነው። 12 ሰዓት ትንሽ አይምሰልህ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምታስተምረው ኮርስ ለአንዱ ሰዓት ሦስትና አራት ሰዓት ዝግጅት ይበላል። ኮርስ ሲከፋፈል አንዱን ኮርስ ለሁለትና ለሦስት ሴክሽን ያዝ፤ ሦስት ዓይነት ኮርስ እንዳትሸከም። ስብሰባው ላይ ዝም ካልክ የሚደርስህ ነባሮቹ የሸሹት ነው።

ፕሮግራም ሲወጣም ግቢውን እይ። ፔዳ፣ ፖሊ፣ ዘንዘልማና ጥበበ ግዮን ጎን ለጎን አይደሉም። ጠዋት አንዱ ግቢ፣ ወዲያው ቀጥሎ ሌላው ግቢ ክፍል ከተመደበልህ ሰርቪሱ (የሠራተኛ አውቶቡሱ) አያደርስህም፤ ሳይጸድቅ አስቀይረው። የመጋቢትና የሚያዝያ የ8 ሰዓት ክፍል ደግሞ በሙቀቱ ተማሪውን ያስተኛዋል። ከባድ ስሌት ወይም አዲስ ጽንሰ ሐሳብ ጠዋት ላይ አድርግ፤ ለከሰዓት የቡድን ሥራና ጥያቄ ይሻላል።

ኮርስ አውትላይን ስታዘጋጅ ከሰዓቱ ተነሣ። የኮርስ ክብደት የሚለካበት አንድ ኢሲቲኤስ 27 ሰዓት የተማሪ ሥራ ነው፤ 5 ኢሲቲኤስ 135 ሰዓት ይሆናል። በሳምንት 3 ሰዓት ለ16 ሳምንት ብታስተምር 48 ነው፤ የቀረው 87 የቲቶሪያል፣ የአሳይመንትና የግል ጥናት ነው። ያንን ጊዜ የሚሞላ ሥራ ካልሰጠህ ተማሪው ለፈተና ሳምንት ያቆየዋል። ምዕራፎቹን ግን ለ16 ሳምንት አትዘርጋ። ምዝገባው፣ አድ ኤንድ ድሮፑ (ኮርስ መጨመሪያና መጣያ ጊዜው)፣ ገናና ጥምቀት ሲቀናነሱ 14 ሳምንት ካገኘህ ጥሩ ነው። በሜካፕ (በማካካሻ) ክላስ እሸፍናለሁ ብለህ የመጨረሻውን ምዕራፍ በሁለት ቅዳሜ የምታፈስ ከሆነ ባይሰጥ ይሻላል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ስላይድ ብቻ ይዘህ አትግባ፤ ጠመኔና አንድ ገጽ ማስታወሻ ይኑርህ።

ቋንቋን በተመለከተ፣ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው፤ የተማሪዎቹ ፊት ሲጨልም ወደ አማርኛ መግባት ይቀናል። ክፍልህ ውስጥ ግን ከየክልሉ ተመድቦ የመጣ፣ አማርኛው ገና ያልጠነከረ ተማሪ አለ። ሙሉ ማብራሪያውን በአማርኛ ከሰጠህ እሱን አስወጥተህ ነው የምታስተምረው። ዓረፍተ ነገር ማሳጠርና ሰሌዳ ላይ መጻፍ ይበልጣል።

አሁን ወደ ውጤት። የተለመደው ክፍፍል ተከታታይ ምዘና 50፣ ፋይናል 50 ነው። ለምሳሌ ሁለት ኩዊዝ 5 5፣ አሳይመንት 10፣ ፕሮጀክት ወይም የላብ ሪፖርት 10፣ ሚድ 20። ፈተና ከማውጣትህ በፊት ትንሽ ሠንጠረዥ ሥራ፦ ምዕራፍ፣ ያስተማርክበት ሰዓት፣ ማርክ። ከ48 ሰዓት 12ቱን የወሰደ ምዕራፍ ከፋይናሉ ሩቡን፣ ማለትም 12 ወይም 13 ማርክ ይወስዳል። ይህን ያልሠራ መምህር ጥያቄው በመጨረሻ ባስተማረው ላይ ይከማችበታል፤ «ያልተማርነው መጣ» የሚለው ሮሮም ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው የሚነሣው። መልሱን ከነከፊል ማርኩ ቀድመህ ጻፍ፤ ቀመሩን በትክክል ጽፎ ስሌት ለሳተ ስንት እንደምትሰጥ ወረቀቱ ፊትህ ሳይመጣ ይወሰን።

ስታርም ተማሪ በተማሪ አትሂድ። የሁሉንም ጥያቄ 1 ጨርስ፣ ከዚያ ወደ 2፤ የሽፋኑን ገጽ ወደኋላ አጥፈህ ስም ሳታይ። ይህ ካልሆነ ማታ ደክሞህ ያረምከውና ጠዋት ያረምከው በአንድ ሚዛን አይወጡም። 60 ወረቀት በ10 ደቂቃ 10 ሰዓት ነው፤ ሁለት ሴክሽን ካለህ 20። የማስረከቢያው ቀን ሲደርስ ከጀመርክ የምትደምረውም ትስታለህ።

የተከታታይ ምዘናውን 50 ከፋይናል በፊት በመታወቂያ ቁጥር ለጥፍና አስፈርም። ቅሬታው ያኔ ያልቃል። ኤክሴል ላይ የስም አምዱን ብቻ መርጠህ ሶርት እንዳታደርግ፤ ስሙ ይንቀሳቀሳል፣ ማርኩ ባለበት ይቀራል፣ የአበበ ውጤት ለአልማዝ ይሄዳል። ሬጅስትራር ከገባ በኋላ ማረም ደግሞ ደብዳቤ፣ የዲፓርትመንት ቃለ ጉባኤና የዲን ፊርማ ይጠይቃል። ከማስረከብህ በፊት አምስት ስድስት ወረቀት በዘፈቀደ አንሣና ከሊስቱ ጋር አመሳክር። ፋይናል ያልተፈተነውን ተማሪ ዜሮ ሞልተህ አትለፍ፤ ኤንጂ (ውጤት የለውም) እና ኢንኮምፕሊት (ያልተሟላ) የየራሳቸው ደንብ አላቸው። «መምህር፣ ሁለት ማርክ ብቻ» ብሎ ለሚመጣ መልሱ ወረቀቱን ማሳየት ነው፤ ቢሮህ ውስጥ፣ በሩ ክፍት ሆኖ። ስልክ ላይ ስለ ውጤት አታውራ።

ስለ ማማከር ብዙ አይወራም፤ ግን ሰዓት ይበላል። ሲኒየር ኤሴይ (የመመረቂያ ጽሑፍ) የሚሠሩትን በየሁለት ሳምንቱ ቀጥረህ አስተያየትህን በጽሑፍ ስጥ፤ በቃል የተነገረው ዲፌንስ ላይ «አልተነገረኝም» ይሆናል። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 ነው። ኮርስህ በፈተናው ውስጥ ካለ ቲቶሪያል ይጠበቅብሃል።

ምርምር ላይ አዲሶች የሚሰናከሉት በበጀት ዓመቱ አቆጣጠር ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። የጣና ላቢዮባርበስ ዓሦች ደግሞ ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ለመራባት የሚወጡት በክረምት ነው፤ ገንዘቡ ገና ሳይለቀቅ የምትፈልገው ወቅት ያልፋል። እንዲህ ያለ ሥራ ከሆነ መረቡንና ኬሚካሉን ባለፈው ዓመት በጀት አስገዛ፣ ወይም ፕሮፖዛሉን የሁለት ዓመት አድርገው። ከመስክ ስትመለስ ደረሰኝህን አያይዘህ ሒሳብ አወራርድ፤ ካልሆነ ቀጣዩ ዙር አይለቀቅም።

የማኅበረሰብ አገልግሎት ማለት ለፎቶ እምቦጭ ነቅሎ መመለስ አይደለም፤ እንዲያውም ነቅሎ ዳር ላይ መተው ውኃው ከፍ ሲል መልሶ ያስገባዋል። ከሙያህ የሚነሣ ነገር ያዝ፤ ሒሳብ ከሆነ ትምህርትህ የክረምት ማጠናከሪያ፣ ሕግ ከሆነ ነጻ ምክር።

ኦቨርሎድ (ከሙሉ ሎድ በላይ የሆነ ሰዓት) ካለህ ያስተማርከውን ክፍለ ጊዜ በየሳምንቱ በተማሪ ተወካይና በኃላፊህ አስፈርም። ፎርሙን ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ ልሙላ ካልክ ተወካዩ ወደ ቤቱ ሄዷል፣ ኃላፊውም ተቀይሮ ይሆናል።