አደራ የተቀበለችው እናት

ውድ ልጆቼ፣

በቅርቡ አንዲት ወጣት ነርስ «ጋሼ፣ እግዚአብሔርን አምናለሁ፤ ነገር ግን መከራ ሲደራረብብኝ ልቤ በሰው ላይ ይጨክናል፤ ምን ይሻለኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ወደ 1977 ዓ.ም.፣ ወደ ኮረም የረኀብተኞች መጠለያ መለሰኝ።

ያኔ ነርስ ሆኜ ከተመረቅሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። በመጠለያው የተሰበሰበው ሕዝብ ከፊሉ በድንኳን፣ ከፊሉ በቆርቆሮ መጠለያ፣ የቀረው በሜዳ ላይ ያድራል። ኮረም ደጋ ነውና ከረኀብ የተረፈውን ሕፃን የሌሊቱ ብርድ ይወስደው ነበር፤ በቅማል የሚተላለፈው ተስቦም አልቀረልንም። እኔ እናቴ የሰጠችኝን ጋቢ ደርቤ እንኳ ይበርደኝ ነበር። ሥራዬ የሕፃናቱን ክብደትና የክንድ ዙሪያ እየለካሁ ለተጨማሪ ምግብ መመዝገብ ሲሆን፣ ምግቡ ለሁሉም ስለማይዳረስ በየቀኑ ብዙዎችን እመልስ ነበር። በዚያ ወራት እግዚአብሔርን ተቀይሜ፣ መጸለይ ትቼ ነበር።

አንዲት እናት ለልጇ የተሰጣትን ብስኩት ለሁለት ከፍላ፣ ግማሹን አጠገቧ ለተቀመጠ ሌላ ሕፃን ስታጎርስ አየኋትና «የገዛ ልጅሽን ጉሮሮ ዘግተሽ ባዳ ታበያለሽ?» ብዬ ተቆጣኋት። እሷም ቀና ብላ «እናቱ አደራ ብላኝ ነው የሞተችው። ለሁለቱም እግዜር አለ» አለችኝ። ያንን ሕፃን ለክቼ መመዝገብ በእጄ ነበር። ሆኖም ሰልፉ ረዝሞ ነበርና፣ በንግግሯም ተናድጄ ስለ ነበር፣ «ነገ አምጪው» ብዬ አለፍሁ። በዚያው ሌሊት ትኩሳት ጣለኝና ለሕክምና ወደ ደሴ ወሰዱኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስመለስ በቦታዋ ሌላ ቤተሰብ ሰፍሯል። የጠየቅሁት ሁሉ አላወቃትም፤ ስሟን አልጠየቅኋትም ነበርና።

መጸለይ ትቼ ነበር አልኋችሁ፤ ይሁንና ያን ዕለት ማታ በትኩሳት ስቃዥ «እግዚኦ» እያልሁ እንደ ነበር የሥራ ባልደረቦቼ ነግረውኛል።

ጸልዩ፣ ጹሙ የሚለውን ከእኔ አትጠብቁ፤ ታውቁታላችሁ። የዛሬ ወጣቶች ከእኛ ይልቅ ስለ ስሜታችሁ በግልጽ ትናገራላችሁ፤ ይህን እወድላችኋለሁ። የማልወድላችሁ የተቸገረ ሰው ፊት «እግዚአብሔር ያውቃል» ብላችሁ ቶሎ መሄዳችሁን ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት በምድር ላይ ተቀመጡ፤ የበደሉት መናገር ሲጀምሩ ነው። ያቺ እናት የረኀቡን ምክንያት አልመረመረችም፤ በእግዚአብሔር መታመኗ ብስኩቱን ስትቆርስ ታየ። እኔ ልቤ እስኪለሰልስ ስጠብቅ ቀኑ አለፈ፤ እሷ ግን ልቧ በሐዘን እንደ ደነደነም ቢሆን እጇን አልሰበሰበችም።

ለነርሷም ያልኋት ይህንኑ ነው፦ የተቆጣሽው በሽተኛ ካለ፣ ዛሬ የተረኝነት ሰዓትሽ ሳያልቅ ወደ አልጋው ተመለሺና ስሙን ጠይቂው።