ግራ፣ ቀኝ፣ ውስጥ፣ ውጭ፦ የጂኦሜትሪ ኮድ ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ የቦታዬን የማዕዘን ኮኦርዲኔቶች ከይዞታ ካርታው ላይ ወስጄ ስፋቱን ራሴ በኤክሴል አሰላሁ። ካርታው 263 ካሬ ሜትር ይላል፤ እኔ ያገኘሁት ግን 17 ከግማሽ ነው። ቀመሩ ነው የተሳሳተው?

ቀመሩ ደህና ነው፤ የተሳሳተው የነጥቦቹ ተራ ነው። የጫማ ማሰሪያ የሚባለው ቀመር የሚሠራው አጥሩን ተከትለው በአንድ አቅጣጫ ሲዞሩ ብቻ ነው። የእያንዳንዱን ማዕዘን ኤክስ በቀጣዩ ማዕዘን ዋይ ያባዙ፤ ከዚያ ላይ የቀጣዩን ኤክስ በተነሱበት ማዕዘን ዋይ አባዝተው ይቀንሱ። የመጨረሻው ማዕዘን ቀጣይ የመጀመሪያው ነው (ይህን ረድፍ የሚረሳ ብዙ ነው)። ሁሉንም ደምረው ለ2 ያካፍሉ።

የእርስዎን ቦታ እንየው። ከመጀመሪያው ማዕዘን አንጻር ነጥቦቹ (0፣ 0)፣ (20፣ 5)፣ (22፣ 18) እና (3፣ 15) ናቸው። በዚህ ተራ ሲሄዱ 0፣ 250፣ 276 እና 0 ይወጣል፤ ድምሩ 526፣ ግማሹ 263። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ካቀያየሩ ግን 0፣ -250፣ 285 እና 0 ይሆናል፤ ድምሩ 35፣ ግማሹ 17.5። ጎኖቹ እንደ መቀስ ስለተላለፉ አንዱ ወገን ከሌላው ተቀነሰ ማለት ነው። መልሱ ኔጋቲቭ ቢሆን አይደንግጡ፤ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ዞረዋል ማለት ብቻ ነው።

ይህንኑ በኮድ ለምትጽፉ አንድ ነገር ልጨምር። የአዲስ አበባ ኮኦርዲኔቶች በሜትር ሲጻፉ 472,000 እና 997,000 አካባቢ ናቸው፤ ብዜታቸው ወደ 470 ቢሊዮን ይደርሳል። ባለ 32 ቢት ፍሎት (የአስርዮሽ ቁጥር መያዣ) እዚያ ከፍታ ላይ ሁለት ተከታታይ ቁጥሮችን የሚለየው በ32,768 ነው። ከሦስት ሄክታር በላይ መሆኑ ነው! 263 ካሬ ሜትር በዚያ ክፍተት ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። ደብል (ባለ 64 ቢቱን) ይጠቀሙ፤ ከዚያም በፊት የመጀመሪያውን ማዕዘን ከሁሉም ላይ ይቀንሱ።

ጥያቄ፦ አንድ ነጥብ ከመስመር ግራ ይሁን ቀኝ የማውቀው ስሎፕ አስልቼ ነው። መስመሩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ፕሮግራሙ በዜሮ ማካፈል ላይ ይወድቃል።

ስሎፑን ይተዉት፤ ለዚህ ጥያቄ ማካፈል ጨርሶ አያስፈልግም። ከሀ ወደ ለ የሚሄድ መስመርና መ የሚባል ነጥብ ካለ፣ (የለ ኤክስ ሲቀነስ የሀ ኤክስ) በ(የመ ዋይ ሲቀነስ የሀ ዋይ) ያባዙ፤ ከዚያ (የለ ዋይ ሲቀነስ የሀ ዋይ) በ(የመ ኤክስ ሲቀነስ የሀ ኤክስ) አባዝተው ይቀንሱ። ፖዘቲቭ ከወጣ ነጥቡ በግራ ነው፣ ኔጋቲቭ ከወጣ በቀኝ፣ ዜሮ ከሆነ መስመሩ ላይ። ሀ (2፣ 1)፣ ለ (7፣ 4)፣ መ (4፣ 5) ቢሆኑ 5×4 ሲቀነስ 3×2፣ ማለትም 14፤ ግራ ነው። ዋይ ወደ ታች በሚያድግበት የኮምፒውተር ስክሪን ላይ ግን ግራና ቀኙ ይገለበጣል።

ሁለት ቁራጭ መስመሮች እርስ በርስ መተላለፋቸውንም የምናውቀው በዚሁ ነው፦ የአንዱ ሁለት ጫፎች ከሌላው ግራና ቀኝ ይውደቁ፣ የሌላውም እንዲሁ። ከአራቱ ስሌቶች አንዱ ዜሮ ከሰጠ ነጥቡ በቁራጩ ሁለት ጫፎች መካከል መሆኑን ለብቻ ያረጋግጡ። ምልክቶቹን ያወዳድሩ እንጂ ውጤቶቹን እርስ በርስ አያባዙ፤ ቁጥሩ ሞልቶ ይፈሳል። ባለ 32 ቢት ኢንት (የሙሉ ቁጥር መያዣ) ከ2,147,483,647 አያልፍም፤ ኮኦርዲኔቶቹ ሚሊዮን ውስጥ ከገቡ አንዱ ብዜት ብቻውን ይበቃዋል። ባለ 64 ቢት እስከ ቢሊዮን ድረስ ያለ ችግር ይሸከማል።

ጥያቄ፦ ደንበኛ ከማድረሻ ክልላችን ውስጥ መሆኑን የሚለይ ኮድ አለን። አልፎ አልፎ መሀል ያለውን ሰው ውጭ ነው ይለዋል። ለምን?

ከነጥቡ ወደ ምሥራቅ ጨረር ሰድዶ ጎኖቹን ስንት ጊዜ እንደሚያቋርጥ የሚቆጥረው ዘዴ ይመስለኛል፤ ጎዶሎ ቁጥር ከሆነ ውስጥ፣ ሙሉ ከሆነ ውጭ። ጨረሩ ማዕዘን ላይ ሲያርፍ ነው ችግሩ። ማዕዘኖቹ (10፣ 0)፣ (20፣ 10)፣ (10፣ 20) እና (0፣ 10) በሆኑ ክልል ውስጥ (5፣ 10) ላይ ያለው ሰው ጨረሩ (20፣ 10) ላይ ይወጣል። እዚያ የሚገናኙት ሁለቱም ጎኖች ከተቆጠሩ 2 ይሆንና ውጭ ነው ይባላል። ደንቡ ይህ ነው፦ ጎኑ የሚቆጠረው አንዱ ጫፉ ከነጥቡ ዋይ በላይ፣ ሌላው እኩል ወይም በታች ከሆነ ብቻ ነው። አሁን የላይኛው ጎን ብቻ ይቆጠራል፤ 1፣ ውስጥ። አግድም የተኙ ጎኖችም በዚሁ ደንብ ራሳቸው ይወድቃሉ። ልክ ድንበሩ ላይ ለቆመ ሰው ግን ዘዴው አንዴ ውስጥ አንዴ ውጭ ሊል ይችላል፤ ያ ለሥራችሁ ለውጥ ካለው ለብቻ ፈትሹት።

ስህተቱ አልፎ አልፎ ሳይሆን በአንድ ወገን ድንበር ላይ ተደጋግሞ የሚታይ ከሆነ ግን ኮዱን ተዉትና የካርታውን መነሻ፣ ማለትም ኮኦርዲኔቶቹ የሚለኩበትን ሥርዓት (ዳተም)፣ ጠይቁ። የስልክ ጂፒኤስ የሚሰጠው በደብሊውጂኤስ 84 ነው፤ በአገራችን ብዙ የቅየሳ ካርታ የተሠራው በአድንዳን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ100 ሜትር በላይ ነው። ሳይቀይሩ ማደባለቅ አንድ ሰፈር ያሸሻል።

ጥያቄ፦ በጂፒኤስ የዞርኩትን ማሳ በኮንቬክስ ሃል አስልቼ ከእውነተኛው በጣም የበለጠ ስፋት አገኘሁ።

ኮንቬክስ ሃል በካስማዎች ዙሪያ ተወጥሮ እንደታሰረ ገመድ ነው፤ ማሳው ወደ ውስጥ የገባ ጥግ ካለው ገመዱ ጥግ ውስጥ አይገባም፣ የጎረቤትን መሬት ጨምሮ ያልፋል። ዙሪያውን በቅደም ተከተል ከመዘገቡ ከላይ ያለው የጫማ ማሰሪያ ቀመር ይበቃዎታል። ሃሉ የሚጠቅመው ተራ ለሌላቸው፣ ለተበተኑ ነጥቦች ነው፦ በኤክስ፣ እኩል ሲሆኑ በዋይ ደርድሩ፣ የተደጋገሙትን አውጡ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየጨመራችሁ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወደ ግራ ካልታጠፉ መሀለኛውን ጣሉ። አንዴ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ከቀኝ ወደ ግራ። ጊዜ የሚወስደው መደርደሩ ብቻ ነው፤ መቶ ሺህ ነጥብ ምንም አይደለም።

ጥያቄ፦ ቅርብ የሆነውን ቅርንጫፍ የሚመርጠው መተግበሪያችን አዲስ አበባ ላይ ልክ ነው፣ ስቶክሆልም ላሉ ተጠቃሚዎች ግን የተሳሳተ ይመርጣል።

ላቲቲዩድና ሎንጊቲዩድን እንደ ሜትር ቆጥራችኋል። አዲስ አበባ 9ኛው ዲግሪ ላይ ስለሆነች አንድ ዲግሪ ሎንጊቲዩድ ወደ 110 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከላቲቲዩዱ ጋር እኩል ማለት ይቻላል፤ ስህተቱ ተደብቆ የኖረው ለዚህ ነው። ስቶክሆልም ላይ 57 ገደማ ብቻ ነው፤ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ያለው ርቀት ሁሉ በእጥፍ ተለጥጧል። በአንድ ከተማ ስፋት ከሆነ የሎንጊቲዩድ ልዩነቱን በላቲቲዩዱ ኮሳይን ማባዛት ይበቃል። ኮሳይኑ ግን በራዲያን ነው የሚጠብቀው። 9 ብላችሁ በቀጥታ ብትሰጡት -0.911 ይመልሳል፣ ትክክለኛው 0.988 ነው፤ ርቀቱ ሲሰላ በራሱ ስለሚባዛ ኔጋቲቩ ይጠፋና ማንም አያየውም። የቅርቡን ለመምረጥ ብቻ ከሆነ ስኩዌር ሩቱን ማውጣትም አያስፈልግም፤ በራሱ የተባዛው ርቀት ተራውን አይቀይርም።