ለአጋዘን አደን የት ልዛወር? መጀመሪያ የኖቬምበር ፈረቃህን እንይ

ጥያቄ፦ «የ29 ዓመት ነርስ ነኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ከወላጆቼ ጋር እኖራለሁ። ለአጋዘን አደን ግሪን ሪጅ የስቴት ደን ድረስ ሁለት ሰዓት መንዳት ሰለቸኝ። መሬት የመግዛት አቅም ስለሌለኝ የሕዝብ መሬት በብዛት ወዳለበት መዛወር እፈልጋለሁ። አይዋን፣ ሚኒሶታን፣ ፔንሲልቬኒያንና ዊስኮንሰንን ይዣለሁ። አባቴ ‹ነርስ ያደረግንህ ጫካ እንድትገባ ነው?› ይሉኛል። ለወንድሜ ኮንዶሚኒየም በየወሩ 700 ዶላር እልካለሁ። እጮኛዬ ብርድ ትፈራለች። የቱ ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ አራት ስቴት ዘርዝረህ አንድም ሆስፒታል አልጻፍክም። ለአደን ብለው የሚዛወሩ ነርሶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ትልቅ ቀንድ ይገኝበታል የተባለውን ቦታ ይመርጡና አጋዘኑ በሚንቀሳቀስበት ሰሞን ፈረቃ ላይ ተቸክለው ይቀራሉ። በሰሜኑ የአሜሪካ ክፍል ኮርማው ሴት ፍለጋ በቀን ብርሃን የሚባዝነው ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ አጋማሹ ነው። ያን ጊዜ ነጻ ካልሆንክ መሬቱ የቱን ያህል ቢሰፋ ምን ይጠቅምሃል? ከፈረቃ ፕሮግራም ጋር ስታገል ስለኖርኩ ይሆናል፣ እኔ ከመሬቱ በፊት የሚታየኝ ፈረቃው ነው።

ስቴቶቹን እንይ። አይዋ ዝናዋ እውነት ነው። የጠመንጃው ወቅት የሚከፈተው የመራቢያው ሰሞን ካለፈ በኋላ፣ በዲሴምበር ስለሆነ ኮርማዎቹ ለማርጀት ዕድል ያገኛሉ። ከሌላ ስቴት የሚመጣ ሰው ለደህና ቀጠና ታግ (አንድ አጋዘን የመግደያ ፈቃድ) ዓመታት ሲጠብቅ ነዋሪው በቀላሉ ይገዛል። ችግሩ መሬቱ ነው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም የግል ነው። የሕዝብ የሆነችው ቁራጭ ላይ ቅዳሜ ጠዋት መኪና ማቆሚያ ቀድሞ መያዝ ራሱ አደን ነው። ሚኒሶታ ሐበሻው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ከነርሶች ኮምፓክት (በአንድ ፈቃድ በብዙ ስቴት ከሚያሠራው የስቴቶች ስምምነት) ውጭ ስለሆነች የሜሪላንድ ፈቃድህ እዚያ አይሠራም። ሰሜን ምሥራቋም በከባድ ክረምትና በተኩላ ምክንያት አጋዘኑ ሳስቷል።

ፔንሲልቬኒያን አልንቃትም። ወደ 1.5 ሚሊዮን ኤከር የስቴት ጌም ላንድ (ለአደን የተያዘ የሕዝብ መሬት)፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ የስቴት ደን አላት። ስቴት ኮሌጅ ብትኖር ሮዝሮክና ባልድ ኢግል ደኖች ቅርብህ ናቸው፤ ወላጆችህ ዘንድም በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ትደርሳለህ። እናትህ ወይም አባትህ ታመው የአንተን እጅ የሚሹ ከሆነ ምርጫህ ፔንሲልቬኒያ ትሁን።

እንዲያ ካልሆነ ግን እኔ የምልህ ዊስኮንሰን፣ ኦ ክሌር ነው። ምክንያቱ የካውንቲ ደን ነው። የዊስኮንሰን ካውንቲዎች በድምሩ ከ2.3 ሚሊዮን ኤከር በላይ ደን ያስተዳድራሉ፣ ለአደንም ክፍት ነው። ካውንቲው ከእንጨት ሽያጭ ገቢ ስለሚያገኝ አስፐን የሚባለውን ዛፍ በየተራ ይቆርጣል። በተቆረጠው ቦታ የሚያቆጠቁጠው ለምለም ቅጠል ለአጋዘን ምግብም መደበቂያም ነው። ያረጀ ጥቅጥቅ ደን ለዓይን ቢያምርም ለአጋዘን የሚሆን ብዙ ቀለብ የለውም። ከኦ ክሌር የራሱ የካውንቲው ደን ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። የክላርክና የጃክሰን ካውንቲ ደኖች እያንዳንዳቸው ከ100,000 ኤከር ይበልጣሉ፣ ብላክ ሪቨር ስቴት ፎረስትም አንድ ሰዓት አይሞላም። ካውንቲው የእንጨት ሽያጭ ካርታ አለው፤ ጠይቀህ ውሰድ። ከሦስት እስከ ስምንት ዓመት በፊት የተቆረጠ አስፐን ከኦክ ወይም ከረግረግ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ ምልክት አድርግ። መኪና እንዳይገባበት በአፈር የተዘጋ የእንጨት መንገድ ካገኘህ ሃያ ደቂቃ በእግርህ ግባ፤ አብዛኛው አዳኝ ያን ያህል አይሄድም።

ለሥራውም ቢሆን ከተማዋ ከአንድ በላይ ቀጣሪ አላት፤ ማዮ እና ማርሽፊልድ የሚባሉት የሕክምና ተቋማት አሉ። ቀልድ እንዳይመስልህ፤ እዚያው ከተማ የነበረው ሴክሬድ ኸርት ሆስፒታል በማርች 2024 ተዘግቷል። አንድ ሆስፒታል ብቻ ባለበት ከተማ እንዲህ ቢደርስብህ ከአጋዘኑም ከሥራውም ትፈናቀላለህ።

አሁን ወደ ፈረቃው። በአደን አገር ለማግኘት ከባዱ የዕረፍት ፈቃድ የገና ሳይሆን የጠመንጃው መክፈቻ ነው። በዊስኮንሰን ከታንክስጊቪንግ በፊት ባለው ቅዳሜ ይጀምርና ዘጠኝ ቀን ይቆያል። ያን ሰሞን ሐኪሙም፣ ነርሱም፣ ጥበቃውም ፈቃድ ይጠይቃል፤ ቅድሚያውን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ የቆየ ሠራተኛ ነው። አዲስ ሰው ሆነህ እሱን ብትለምን አታገኝም። እንግዲያው ተወውና የቀስቱን ወቅት ያዝ። የቀስት አደን ከሴፕቴምበር አጋማሽ ጀምሮ ክፍት ነው። ቀስት ካልለመድክ ክሮስቦው (በቃታ የሚተኮስ ቀስት) ይፈቀዳል፣ የራሱ ፈቃድ ግን አለው። ኃላፊህን «የጠመንጃውን መክፈቻ ቅዳሜና እሑድ እኔ እሠራለሁ፣ ዲሴምበር 25ንም እሠራለሁ፤ በምትኩ የኖቬምበርን ሁለተኛ ሳምንት ስጪኝ» በላት። ገናህ ጃንዋሪ 7 ስለሆነ የምታጣው ነገር የለም፣ ለእሷ ግን ትልቅ ችግር ፈታህላት። ይህን የምትናገረው በቃለ መጠይቁ መጨረሻ ላይ ነው፤ በቃል ከተስማማችሁ በሥራ ስምምነቱ ደብዳቤ ላይ ይጻፍ። ኃላፊ ይቀየራል፣ ወረቀቱ ግን ይቆያል።

የዓመት ፈቃድ ሳትነካም መንገድ አለ። ሳምንቱ ከእሑድ እስከ ቅዳሜ የሚቆጠር ከሆነና የምትሠራው ሦስት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሆነ፣ በመጀመሪያው ሳምንት እሑድ፣ ሰኞና ማክሰኞ ግባ፤ በቀጣዩ ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ። በመካከል ስምንት ተከታታይ ቀን ነጻ ነህ። ይህ የሚሆነው ነርሱ ፈረቃውን ራሱ በሚመርጥበት ክፍል ስለሆነ ከደመወዙ በፊት ይህንን ጠይቅ። የሌሊት ፈረቃ ከሰጡህ ደግሞ ከሌሊት ወጥተህ በቀጥታ ዛፍ ላይ አትውጣ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ከዛፍ መቀመጫ ይወድቃል። ቀበቶህን መሬት ላይ ሳለህ ታጠቅ፣ ተመልሰህ መሬት እስክትረግጥ አትፍታው።

ወረቀቱን በጊዜ አስተካክል። በዊስኮንሰን የአደን ነዋሪ ለመባል 30 ቀን በቋሚነት መኖር ይበቃል። ለነዋሪ የጠመንጃ አጋዘን ፈቃድ 24 ዶላር ሲሆን ለሌላ ስቴት ሰው ወደ 200 ይደርሳል። የነርስነት ፈቃድህ የኮምፓክት ከሆነ በሜሪላንዱ ሥራ ትጀምራለህ፤ ከተዛወርክ በ60 ቀን ውስጥ ግን ለዊስኮንሰን ፈቃድ ማመልከት አለብህ። አንዳንዱ «አድራሻዬን ከእናቴ ቤት አላነሳም» ብሎ መንጃ ፈቃዱን እዚያው ይተዋል። አታድርገው። የዊስኮንሰን ነዋሪ ነኝ ብለህ የአደን ፈቃድ እየገዛህ በሌላ ወረቀት የሜሪላንድ ሰው መሆን ያስቀጣሃል፤ ጣጣው ወደ ነርስነት ፈቃድህም ሊሻገር ይችላል። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ከገባህ ለኖቬምበር ትደርሳለህ። የሴት አጋዘን ታግ ስትወስድ ለሕዝብ መሬት የሚሆነውን ምረጥ፤ የግል መሬት ታግ ይዘህ ካውንቲ ደን ውስጥ ብትገድል ጥፋተኛ ነህ። ጠመንጃ ስትገዛ መታወቂያህ ላይ ያለው አድራሻ የአሁኑ ካልሆነ ሻጩ ሊመልስህ ይችላል።

ስለ አባትህ። ነርስነትህን አልተውክም፤ ሙያህን ይዘህ ቦታ ነው የምትቀይረው። ስለዚህ ጥያቄያቸው መልስ አያሻውም፣ በአክብሮት አልፈው። ስለ 700 ዶላሩ ግን ቁርጡን ልንገርህ። በኦ ክሌር የሰዓት ክፍያህ ከሜሪላንድ ዝቅ ይላል፣ አሁን የማትከፍለው የቤት ኪራይም ይመጣል። ለወንድምህ ከአሁኑ ደውለህ «ለስድስት ወር 300 ነው የምልከው» በለው። ኮንዶሚኒየሙ በእሱ ስም ነው የሚወጣው፤ ትንሽ ይጨነቅበት። እሱን ላለማስከፋት ብለህ ትርፍ ሰዓት ከሞላህ ኖቬምበርህን ሸጥካት ማለት ነው። ሳይን ኦን ቦነስ (ስትቀጠር የሚሰጥ ጉርሻ) ቢያቀርቡልህም ከሁለት ዓመት በፊት ብትለቅ ስንት እንደምትመልስ፣ የምትመልሰውም ከታክስ በፊት ያለውን ይሁን እጅህ የገባውን፣ ሳትጠይቅ አትፈርም።

እጮኛህን በጃንዋሪ ይዘሃት ሂድ። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪን አይታ ከወሰነች ውሳኔዋ የታመነ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሚኒያፖሊስ ድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። አጋዘን ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ነው፤ በጥይት ወይም በቀስት ስለተገደለው ግን የነፍስ አባትህን ጠይቅ። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ስለሚገባ የጠመንጃው ወቅት ሥጋ ፍሪዘር ውስጥ ገናን ይጠብቃል፤ የኖቬምበር መጀመሪያውን ግን ረቡዕና ዓርብን ዘለህ ትበላለህ።

ሥጋው ጥሬ አይበላም። ክትፎ ላድርገው እንዳትል፤ ቶክሶፕላዝማና ኢ ኮላይ ሊኖርበት ይችላል። በዊስኮንሰን አጋዘን ላይ ከ2002 ጀምሮ ሲ ደብሊው ዲ የተባለው የአንጎል በሽታ ስላለ ጭንቅላቱን ለምርመራ ስጥ፣ ነጻ ነው፤ ውጤቱ ሳይመጣ አትቀምሰው። ለእናትህ ስትወስድ አጥንቱን ሁሉ አውጥተህ ሥጋውን ብቻ ጫን፤ አከርካሪና አንጎል ስቴት ማሻገር በብዙ ቦታ ክልክል ነው።