ከሐይቅ የተቀዳው ሰልፋይድ ደሴ ሲደርስ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ ደሴ አቅራቢያ ካለው፣ «ሐይቅ» ከተባለው ሐይቅ ጥልቅ ክፍል የምንቀዳው ውሃ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሽታውን የሚያመጣውን ሰልፋይድ (የሰልፈር ውህድ) ደሴ ላቦራቶሪ ስንለካው ግን ዜሮ ነው። ባሕር ላይ እንደሚደረገው ዳይሜቲል ሰልፋይድም (ከአልጌ የሚወጣ የሰልፈር ጋዝ) ለክተን ውጤቱን ማጋራት እንፈልጋለን።

መልስ፦ መሣሪያውን አትጠርጥሩ፤ ሰልፋይዱ ያለቀው መንገድ ላይ ነው። አየር ሲያገኘው ከፊሉ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ይለወጣል፣ ከፊሉ በጋዝ መልክ ያመልጣል። ጎድሎ የተከደነ ጠርሙስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እየተናጠ ከመጣ ምን ሊተርፍ? ሰልፋይዱን ከዚንክ ጋር አዋህዳችሁ መያዝ ያለባችሁ እዚያው ጀልባው ላይ ነው።

220 ግራም ዚንክ አሲቴት ዳይሃይድሬት በ870 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ አሟሙ፤ 1 ሊትር ይወጣችኋል። ለ100 ሚሊ ሊትር ናሙና 4 ጠብታ አስቀድማችሁ ባዶው ጠርሙስ ውስጥ ጨምሩ። የመቅጃውን ቱቦ እስከ ጠርሙሱ ሥር አስገብታችሁ በዝግታ ሙሉ። ለኦክስጅን ናሙና እንደለመዳችሁት ውሃው ገንፍሎ እንዲፈስ አታድርጉ፤ ዚንኩ ታጥቦ ይሄዳል። ከዚያ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ9 እስኪያልፍ 6 ኖርማል (የጥንካሬ መለኪያ ነው) ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አንጠባጥቡ (ጓንትና መነጽር ግዴታ ነው)፣ የአየር አረፋ ሳታስቀሩ ክደኑና ገለባብጡት። በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ 7 ቀን ይቆያል።

ሁለተኛው ዜሮ የሚመጣው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ሰልፋይዱ ከዚንኩ ጋር ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ሥር ስለሚቀመጥ፣ ከላይ የጠራውን ውሃ ብቻ የቀዳ ሰው ምንም አያገኝም። በደንብ በጥብጣችሁ ወዲያው ቅዱ፤ ከዚያ በሜቲሊን ብሉ ዘዴ (ሰልፋይዱን ወደ ሰማያዊ ቀለም ቀይሮ በሚለካው) በ664 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ አንብቡ።

ዳይሜቲል ሰልፋይድን ዚንክ አይዘውም። አረፋ በሌለው የመስታወት ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ ከብርሃን ከልላችሁ፣ በጋዝ ክሮማቶግራፍ (ጋዞችን ለይቶ በሚለካ መሣሪያ) በሰዓታት ውስጥ ለኩት። ማጣሪያው ላይ በኃይል አትግፉት፤ የተሰበረ አልጌ ተጨማሪ ጋዝ ይለቃል። ባሕር ላይ መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ጥቂት ናኖሞል ስለሆነ ትንሽ ስህተት እንኳ ውጤቱን ይገለብጠዋል።

ስታጋሩ ቀንና ሰዓቱ ላይ ተጠንቀቁ። ጥር 11 ቀን 2017 ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተቀዳ ናሙና ለሌላው ዓለም ጃንዋሪ 19 ቀን 2025፣ በዓለም አቀፍ ሰዓት 06:00 ነው። ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ጥልቀት፣ የውሃ ሙቀት፣ ዘዴውና መለኪያው አይቅሩ፤ 1 ሚሊ ግራም ሰልፈር በሊትር 31.2 ማይክሮሞል ነው። መሣሪያችሁ ሊያይ ከሚችለው በታች ለሆነ ናሙና 0 አትጻፉ፤ የመለየት ወሰኑን ከ«<» (ያንሳል) ምልክት ጋር ጻፉ። ያልተለካውን ባዶ ተዉት።